«ነገም ሌላ ቀን ነው»ን መልሶ ማንበብ፦ የወደድነውን መጽሐፍ ከነጥፋቱ እንዴት እናንብበው?

መጀመሪያ ያነበብኩት አሥረኛ ክፍል እያለሁ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ለሦስት ቀን አዋሰችኝ። ሽፋኑ ከተገነጠለ ቆይቷል፤ የፊት ገጾቹ በፕላስተር ተያይዘዋል። እናቴ «ነገ ትምህርት የለሽም? መብራቱን አጥፊ!» ስትለኝ አጠፋለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ መልሼ አበራለሁ። ሦስቱ ቀን ሲያልቅ ገና ግማሹ ላይ ነበርኩ። ለምኜ ሁለት ቀን አስጨመርኩ። ስጨርሰው አለቀስኩ።

«ነገም ሌላ ቀን ነው» የማርጋሬት ሚቼል ልብ ወለድ የአማርኛ ስሙ ነው። በእንግሊዝኛ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ይባላል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን በደቡብ የምትኖር፣ ስካርሌት የምትባል የባለ ባሪያዎች ልጅ ታሪክ ነው። የአማርኛው ርዕስ የተወሰደው ከመጽሐፉ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ነው። ገጣሚው ጋሽ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስረው ሳለ ነው የተረጎሙት። መጻፊያ ወረቀት ስላልነበረ ከሲጋራ ፓኬት በሚወጣ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ወደ 3,000 በሚጠጋ ቁራጭ ላይ። ቁራጮቹ በድብቅ ከእስር ቤት ወጡ፤ ኋላም መጽሐፍ ሆነው ታተሙ። ይህን ያወቅኩት መጽሐፉን ካነበብኩ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ጦርነት፣ ረሃብ፣ የፈረሰ ቤት፣ «ነገ» የሚል ቃል። ለምን ልባችን ውስጥ እንደገባ ያኔ ተገለጠልኝ።

ዘንድሮ መልሼ አነበብኩት። ፍቅሬ አልወጣልኝም። ግን አንዳንድ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሥቻለሁ። ባርነትን ደግ ጌታና ደስተኛ ሎሌ የሚኖሩበት ቤት አድርጎ ይሥለዋል። ጥቁሮችን በሽብር ያሳድድ የነበረውን የነጮች ድብቅ ማኅበር፣ ኩ ክላክስ ክላንን፣ «ምን ያድርጉ፣ ቸግሯቸው ነው» እያለ ይከላከልለታል። ባል ሚስቱን በግድ የወሰደበትን ሌሊት የፍቅር ሌሊት ያደርገዋል።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲገጥመን አንዳንዶቻችን «የድሮ ሰው ነው፣ ተዉት» ብለን እናልፋለን። ሌሎቻችን «እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ወደድኩ» ብለን አፍረን መደርደሪያው ጀርባ እንደብቀዋለን። ሁለቱም ጋ መጽሐፉ ሳይነበብ ይቀራል። እኔ የሄድኩበትን መንገድ እነሆ። በሌላ የቆየ የፍቅር ልብ ወለድ ላይም ይሠራል፤ እኔ ግን የማውቀውን ይዤ ነው የምናገረው።

አንደኛ፦ መጽሐፉን ሳትከፍቱ ትዝታችሁን ጻፉ

አንድ ነጭ ወረቀት ያዙ። ከመጽሐፉ ምን ምን ትዝ ይላችኋል? ሳታጣሩ፣ ሳታሳምሩ ጻፉት። ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

የእኔ ወረቀት ላይ እነዚህ ነበሩ። ከአረንጓዴ መጋረጃ የተሰፋው ቀሚስ። አትላንታ ስትነድ በጋሪ የተሸሸው ሽሽት። ስካርሌት ርቧት ከመሬት ነቅላ የበላችው ሥር። ሦስተኛ ባሏ ሬት በትለር ተሸክሟት የወጣው ደረጃ። የሜላኒ ሞት። ከጥቁሮቹ መካከል ሞግዚቷ ማሚ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስካርሌትን ስትቆጣ።

ወረቀቱን ሳየው ደነገጥኩ። ስንት ጥቁር ሰው የሚኖርበት መጽሐፍ ነው፤ ከሁሉም አንዲት ሴት ብቻ ቀርታኛለች። እሷም በራሷ ታሪክ ሳይሆን በነጯ ልጅ ታሪክ። ዓይኔ ምን ላይ እንዳረፈና ምኑን አልፎ እንደሄደ ወረቀቱ ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ። ቀን ጻፉበትና አስቀምጡት። በኋላ እንፈልገዋለን።

ሁለተኛ፦ ፊልሙን ለጊዜው ተዉት

ብዙዎቻችን የምናስታውሰው እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣውን ፊልም ነው፤ ሳናውቀው ከመጽሐፉ ጋር አቀላቅለነዋል። ሁለቱ ይለያያሉ። በመጽሐፉ ስካርሌት ከሦስት ባል ሦስት ልጅ አላት፤ በፊልሙ አንዲት ብቻ። መጽሐፉ ክላንን በስሙ ይጠራል፤ ፊልሙ ወንዶቹ የሄዱበትን ነገር «የፖለቲካ ስብሰባ» ብሎ ይሸፍነዋል። ፊልሙን መጨረሻ ላይ ብታዩት ምን ምን እንደተደበቀ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

መጽሐፉ 63 ምዕራፍ አለው። በቀን ሁለት ምዕራፍ ብታነቡ በአንድ ወር ያልቃል። ከዚያ አትፍጠኑ። ያኔ በአምስት ቀን የጨረስነው ልብ አንጠልጥሎን ስለነበር ነው፤ አሁን መጨረሻውን እናውቀዋለን።

እንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ ሁለቱንም ቅጂ አጠገባችሁ አድርጉ። አማርኛውን ለፍቅሩ፣ እንግሊዝኛውን ለከባዶቹ ገጾች። በእንግሊዝኛው ጥቁሮቹ ሲናገሩ ፊደሉ ተሰባብሮ ይጻፋል። ነጮቹ የጆርጂያ ሰዎችም የራሳቸው የሆነ የአነጋገር ዘዬ አላቸው፤ የእነሱ ንግግር ግን በአብዛኛው በትክክለኛ ፊደል ነው የተጻፈው። ይህን አንዴ ካያችሁ በኋላ በየገጹ ታዩታላችሁ።

ሦስተኛ፦ የዘመን ወረቀት አዘጋጁ

ይሄ ሥራ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1861 ነው፤ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የፈነዳበት ወር። ጥር 1 ቀን 1863 ፕሬዚዳንት ሊንከን በዐመፁ ግዛቶች ያሉ ባሮች ነፃ መሆናቸውን ዐወጀ። መስከረም 1864 አትላንታ ወደቀች። ከጦርነቱ በኋላ መልሶ የማቋቋም የሚባለው ዘመን እስከ 1877 ዘለቀ። እነዚህን ከወረቀቱ ግራ ጻፉ። እያነበባችሁ በቀኙ ስካርሌት በዚያ ጊዜ ምን እያደረገች እንደነበር ሙሉ። ጥር 1863 ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። ለሚሊዮኖች የሕይወታቸው ትልቁ ቀን ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያ ቀን ምን ያህል ቦታ እንዳገኘ ፈልጉ።

ከሥር ደግሞ ስለ ደራሲዋ ጥቂት መስመር ጨምሩ። ማርጋሬት ሚቼል በ1900 አትላንታ ተወለደች። ያደገችው የተሸነፈው የደቡብ ጦር ሽማግሌዎች ሲያወሩ እየሰማች ነው። ደቡብ መሸነፉን ያወቅኩት አሥር ዓመት ሲሆነኝ ነው ብላ ነበር። መጻፍ የጀመረችው በ1926 ቁርጭምጭሚቷን ታማ ቤት በዋለች ጊዜ ነው። መጽሐፉ በ1936 ታተመ፤ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በዚያን ጊዜ በጆርጂያ ጥቁርና ነጭ በአንድ ወንበር አይቀመጡም። ፊልሙ ታኅሣሥ 1939 አትላንታ ሲመረቅ ማሚን ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በዘር መድልዎው ምክንያት መገኘት አልቻለችም። ከሁለት ወር በኋላ ኦስካር ተሸለመች፤ ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት። በዚያ ምሽትም ያስቀመጧት ከሌሎቹ ተነጥላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሚቼል በኋላ በሞርሃውስ ኮሌጅ በኩል ጥቁር ተማሪዎች ሐኪም እንዲሆኑ በስውር ገንዘብ ትሰጥ ነበር። ይህ መጽሐፉን አያጥበውም። እኔ ግን የጻፈችውን ሰው እንደ ሰው ለማየት ረድቶኛል።

አራተኛ፦ ሁለት እርሳስ ያዙ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። አንዱ እርሳስ ለወደዳችሁት፣ ሌላው ለቆረቆራችሁ። እኔ ሰማያዊና ቀይ ተጠቀምኩ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ለራሳችሁ አትዋሹ። ከወደዳችሁት፣ ባይገባውም፣ ሰማያዊ አስምሩ። ከቆረቆራችሁ፣ ምክንያቱ ባይገባችሁም፣ ቀይ።

ምዕራፍ ሁለትን እንይ። ስካርሌት አባቷን መንገድ ላይ ትጠብቃለች። የልቧ ጥያቄ አንድ ነው፦ የምትወደው አሽሊ እውነት ሜላኒን ሊያገባ ነው? እኛም ከእሷ ጋር ልባችን ተሰቅሏል። አባቷ መጣ። በጨዋታ መካከል ዲልሲ የምትባለዋን ሴትና ልጇን ፕሪሲን መግዛቱን ይነግራታል። ዲልሲ የሎሌው የፖርክ ሚስት ናት። ለሁለቱ ሦስት ሺህ ዶላር ሰጥቷል። ስካርሌት ትቆጣለች፤ ፕሪሲን መግዛት አያስፈልግም ነበር ትላለች። ከዚያ ወሬው ወደ አሽሊ ይዞራል።

አሥረኛ ክፍል ሆኜ ይህንን ቦታ በጥድፊያ ነው ያለፍኩት። «አሁን ስለ አሽሊ ንገራት!» እያልኩ ነበር። ዘንድሮ ቀዩን እርሳስ ይዤ እዚያው ቀረሁ። አንዲት እናት በልጇ ናፍቆት እንዳታዝን ልጇም አብራት ተገዛች። ባትገዛስ ኖሮ? ደራሲዋ ይህን ጥያቄ ለአፍታም አታነሣውም፤ የአባትየውን ደግነት ማሳያ አድርጋው ታልፋለች። እኔንም ይዛኝ አለፈች። ፍቅር ታሪክ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ልባችንን አንድ ቦታ ሰቅሎ ሌላውን ሳናይ ያሳልፈናል።

አሁን በጣም የምወደውን ቦታ ላሳያችሁ። ምዕራፍ 25 ነው። ጦርነቱ ሁሉን በልቷል። ስካርሌት የሚበላ ፍለጋ ወደ ተቃጠለው የአሽሊ ቤተሰብ፣ የዊልክሶች፣ ግቢ ትሄዳለች። ራዲሽ የምትባል ትንሽ የምታቃጥል የጓሮ ሥር አግኝታ ከነአፈሯ ነክሳ ትበላለች። ባዶ ሆዷ አልቀበልም ይላል፤ ታስመልሳለች። መሬት ላይ በፊቷ ተደፍታ ትቆያለች። ስትነሣ ሌላ ሰው ሆናለች። ከእንግዲህ ላልራብ ብላ በአምላክ ስም ትምላለች። ረሃብን በወሬም ቢሆን የሚያውቅ ሰው ይህን ገጽ ደረቅ ዓይን ይዞ አያልፍም። እኔም በሰማያዊ እያሰመርኩ ነበር።

ከዚያ መለስ ብዬ አነበብኩት። ጓሮው የማን ነው? የዊልክሶች የአትክልት ቦታ ጠፍቷል። ያልጠፋው የባሮቹ ጎጆ ጓሮ ነው። ሥሯ የተነቀለችው ከአንዱ ጎጆ ጀርባ ነው። የተከላት ሰው ስሙ የለም፤ የት እንደሄደም አይነገረንም። እንዲያውም ከጎጆው የሚመጣው የጥቁር ሰው ሽታ የስካርሌትን ማቅለሽለሽ እንዳባሰው ተጽፏል። በሰውየው ጓሮ ነፍሷን አተረፈች፤ በዚያው ገጽ ሽታው ተጠየፈ። ያኔ ይህን ዐረፍተ ነገር አንብቤዋለሁ ማለት ነው። አላስታውሰውም።

ሰማያዊውን መስመር አልፋቅኩም። ቀዩን ከሥሩ አሰመርኩ። እናንተም እንዲህ ያለ ቦታ ሲገጥማችሁ አንዱን ለአንዱ ብላችሁ አታጥፉ።

አምስተኛ፦ ዝም ካሉት አንዷን ተከተሉ

አንድ ሰው ምረጡ፤ ፕሪሲን፣ ማሚን፣ ፖርክን ወይም ቢግ ሳምን። ስማቸው በተጠራ ቁጥር የገጹን ቁጥርና የሚሠሩትን ጻፉ። ከመጽሐፉ ጎን ሌላ ትንሽ መጽሐፍ ይወጣላችኋል።

እኔ ፕሪሲን መረጥኩ። የማስታውሳት እንደ መሳቂያ ነበር፤ አዋላጅነት አውቃለሁ ብላ የዋሸችው ሞኝ ልጅ። ስከተላት ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከእናቷ ጋር ተገዛች። ከእናቷ ተለይታ አትላንታ ተላከች። ከተማዋ ልትወድቅ ስትል፣ ቁስለኛው መንገዱን ሞልቶት፣ ሐኪም ጥሪ ተብላ ብቻዋን ወጣች። ምጥ አታውቅም፤ ስለዚህ በጥፊ ተመታች። ሕፃን ናት። የፈራች ሕፃን። ስንቶቻችን ቤት ከገጠር የመጣች እንዲህ ያለች ልጅ ነበረች? ዕቃ ስትሰብር የሳቅንባት፣ «ደንቆሮ» ያልናት። ይህን ገጽ ካነበብኩ በኋላ የእኛ ቤት የነበረችውን ልጅ ስም ለማስታወስ ብዙ ታገልኩ።

እዚህ ላይ የእኛንም ታሪክ አንርሳ። በኢትዮጵያ ባርነት በዐዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1942) ነው፤ ይህ መጽሐፍ ከታተመ በኋላ ማለት ነው። ቃሉ ዛሬም ስድብ ሆኖ ይወረወራል። ስለዚህ በአማርኛ ስታነቡ «ባሪያ»፣ «ሎሌ»፣ «አሽከር»፣ «ገረድ» የሚሉት ቃላት የት የት እንደሚገቡ ልብ በሉ። እንግሊዛዊ አንባቢ ጆሮ ላይ የማይደውል ነገር እኛ ጆሮ ላይ ይደውላል።

ስድስተኛ፦ ከባዶቹን ገጾች አትዝለሉ

ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው የክላን ሌሊት ነው። ስካርሌት መንገድ ላይ ጥቃት ይደርስባታል። የሚያድናት ቢግ ሳም ነው፤ የስካርሌት ቤተሰብ እርሻ የሆነው የታራ የቀድሞ ባሪያ። በዚያው ሌሊት የነጮቹ ወንዶች ሊበቀሉ ይወጣሉ፤ ባሏ ፍራንክ ኬኔዲ ይሞታል። ልባችን ለሟቹና ለቆሰለው አሽሊ እንዲጨነቅ ነው የተጻፈው። በእነዚያ ሰዎች እጅ የሞቱት እነማን እንደነበሩ ግን አናውቅም። ወረቀታችሁ ላይ ይህን ጥያቄ ብቻ ጻፉ፦ በዚህ ምዕራፍ ማን ሞተ? ለማን እንዳለቅስ ተደረግኩ?

ሁለተኛው ደረጃው ነው፤ ምዕራፍ 54። ሬት ሰክሯል፣ ቀንቷል። ስካርሌት ፈርታዋለች። ተሸክሟት በጨለማው ደረጃ ይወጣል። ጠዋት ስትነሣ ደስተኛ ናት። እኔና ጓደኞቼ ይህን ገጽ ስንት ጊዜ ደጋግመን እንዳነበብን! የፍቅር ልክ ይመስለን ነበር። ያደግነው «እምቢታዋ እሺታ ነው» በሚባልበት፣ ጠለፋ በሠርግ ዘፈን በሚታጀብበት አገር ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን ጠላፊ ስላገባት ብቻ ከቅጣት እንዳያመልጥ አድርጓል። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ግን እስካሁን «ከጋብቻ ውጪ» ይላል። ያ ደረጃ ሩቅ አገር ያለ ደረጃ አይደለም።

ይህን ገጽ ስታነቡ የመጽሐፉን የጠዋት ደስታ ለጊዜው በእጃችሁ ሸፍኑና የሌሊቱን ብቻ አንብቡ። ምን ተደረገ? ምን አለች? ከዚያ ጠዋቱን አንብቡ። ጥፋቱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ ፍርሃቱን ደስታ ያደረገችው ደራሲዋ ናት።

ሰባተኛ፦ መጽሐፉ ሳያስበው እውነት የተናገረበትን ፈልጉ

ይሄ የሚያስደስተኝ ሥራ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ስካርሌት ለእንጨት መሰንጠቂያዋ እስረኞችን ትከራያለች። አሽሊ ይቃወማል፤ በሰው መከራ ገንዘብ አላገኝም ይላል። ባሮች ነበሩህ እኮ ትለዋለች። እነሱ አልተጎሳቆሉም ነበር፤ አባቴ ሲሞት ነፃ አወጣቸው ነበር ብሎ ይመልሳል። ሁለቱን መልሶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ። ጨዋው ሰው እሱ ነው፤ እውነቱን የያዘችው ግን ገንዘብ ወዳዷ ሴት ናት። ጆርጂያ እስረኞችን ማከራየት የጀመረችው በ1868 ነው፤ እስከ 1908 አላቆመችም። እዚህ ገጽ ላይ መጽሐፉ ራሱን በመስተዋት ሊያይ ተቃርቦ ነበር። ሰማያዊ አስምሩበት።

ስምንተኛ፦ ሌላ ድምፅ አጠገቡ አድርጉ

ሃሪየት ጄኮብስ በባርነት ኖራ፣ አምልጣ፣ ታሪኳን ራሷ ጽፋለች። መጽሐፏ የታተመው በ1861 ነው፤ የስካርሌት ታሪክ በሚጀምርበት ዓመት። ከጌታዋ ለማምለጥ በአያቷ ቤት ጣራ ሥር ባለች ጠባብ ቦታ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ተደብቃለች። ቀጥ ብሎ መቆም እንኳ አይቻልም። ልጆቿን በትንሽ ቀዳዳ ታያቸዋለች። ሁለቱን መጽሐፍ በአንድ ወር አንብቡ፤ ቀን የስካርሌትን፣ ማታ የሃሪየትን። እኔ እንዲያ ነው ያደረግኩት። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። መቀጠል ለሚፈልግ፣ አሊስ ራንዳል የተባለች ጥቁር ደራሲ በ2001 ይኸንኑ ታሪክ ከባሮቹ ወገን መልሳ ጽፋዋለች።

ዘጠነኛ፦ ከአንድ ሰው ጋር ጨርሱት

በተለይ ከእናንተ ከሚያንስ ሰው ጋር። እኔ ከእህቴ ልጅ ጋር ጨረስኩ፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አላስተማርኳትም። መጽሐፉን ከነቀዩና ከነሰማያዊው ሰጠኋት፤ በሦስተኛ ቀለም የራሷን አሰመረች። ደረጃውን ስታነብ «አክስቴ፣ ይሄን ነው ስትወጂው የኖርሽው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሜላኒ ስትሞት ደግሞ ሁለታችንም አለቀስን፤ ያንን ገጽ ማንም አልቀማንም።

አሁን የመጀመሪያውን ወረቀት አውጡ። ጀርባው ላይ ቀን ጽፋችሁ እንደገና ሙሉት፤ አሁን ምን ትዝ ይላችኋል? የእኔ ጀርባ ላይ የጎጆው ጓሮ አለ። ሐኪም ፍለጋ የምትሮጠው ሕፃን አለች። ሦስት ሺህ ዶላር አለ። አረንጓዴው ቀሚስም አለ፤ አልጠፋም። ወረቀቱን አጥፌ ምዕራፍ 25 መካከል አስገባሁት። መጽሐፉን ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ጓደኛ ተውሳ ወስዳለች። ወረቀቱን አላወጣሁትም።